ማስረጃ ቁጥር አርባ አንድ

«ሰው ሁሉ እያየህ ነው» አለችው ፈትለወርቅ፣ በመስኮቱ ፍርግርግ በኩል። «አራት ቀን ሙሉ እዚያ ግንድ ላይ ተቀምጠህ እኔን ስታይ ትውላለህ። ሥራ ካለህ ሂድ፤ ከሌለህም ሌላ መስኮት ፈልግ።»

ንግግሩን ከቁርስ ጀምራ ስታሰናዳው ነው ያረፈደችው። አከራይዋ እትዬ አበራሽም «ስትናገሪ ፈገግ እንዳትይ፤ ፈገግታ ያስደፍራል» ብለው መክረዋታል።

ሰውየው ከግንዱ ተነሣ። ጋቢውን አጣፋ። ዓይኑን ግን ወደ እሷ ሳይሆን በትከሻዋ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላዋ ላከ።

«አንቺን አይደለም» አለ።

«ታዲያ ማንን ነው?»

«ሳጥኑን። ከኋላሽ ያለውን የብረት ሳጥን። መጽሐፋችን እሱ ውስጥ ነው። ሰኞ ስትቆልፊበት አይቻለሁ፤ ስትከፍቺለት ለማየት ነው የተቀመጥኩት።»

ፈትለወርቅ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። አራት ቀን ሙሉ ፀጉሯን በየቀኑ በሌላ ዓይነት ተሠርታ መምጣቷ ትዝ አላት። ለካ ያን ሁሉ ያየላት ሳጥኑ ኖሯል።

ሰውየው አስማረ ይባላል፤ የስማዳ ሰው ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው ድልድይ ከወገዳ ገበያ የሚመለስ ሰው እንደተሸከመ ተደረመሰ። መንግሥትም አጣሪ ጉባኤ አቋቋመ። ጉባኤው መካነ ኢየሱስ ላይ አንድ አሮጌ የእህል መጋዘን ተከራየና ፈትለወርቅን መዝገብ ያዥ አድርጎ በኮንትራት ቀጠራት።

ሥራዋ ለተመልካች ቀላል ነው። የመጣውን ማስረጃ ትቀበላለች፣ ቁጥር ትሰጠዋለች፣ በትልቁ መዝገብ ላይ በቀለም ትጽፈዋለች፣ አምጪውን ታስፈርማለች። የተቆረጠው ብረት ቁጥር ሦስት ነው። በጣት ሲነኩት የሚፈረፈረው የሲሚንቶ ቁራጭ ቁጥር ሰባት። ወንዝ ዳር የተገኘው፣ በሽቦ የተሰፋው አንድ እግር የላስቲክ ጫማ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ። እሱን ስትመዘግብ ቁጥሩ ዘሞ ቀርቷል። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ቁጥር አርባ አንድ የአስማረ መጽሐፍ ነው። መጽሐፍ ይበሉት እንጂ የፍየል ቆዳ የለበሰ ደብተር ነው፤ የሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን የፍትሐት መዝገብ። ለሞቱት ጸሎት ሲደረስ የክርስትና ስማቸው ከእሱ ይነበባል። የጻፈው ራሱ አስማረ ነው። ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ዜማ ሲማር አራት ዓመት የተቀመጠ እጅ ነውና ፊደሉ ለማሕሌት እንደተሰለፈ ካህን ቀጥ ብሎ ቆሟል። ድልድዩ በወደቀበት ቀን ሥር የተጻፉት አሥራ አንድ ስሞች ናቸው። የጉባኤው ዝርዝር ግን ሟቾቹ ዘጠኝ ናቸው ይላል።

«ደረሰኝ ሰጥቼህ የለም?» አለችው፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ወረቀት ቀድሞም ሰጥተውኛል።» ከደረት ኪሱ የታጠፈ ደብዳቤ አውጥቶ በፍርግርጉ አሾለከላት። *ወይዘሮ ንግስት ከቤታቸው ከወጡ በኋላ አድራሻቸው አልታወቀም* ይላል።

«እናቴ ናት» አለ አስማረ። «ጨው ልትገዛ ነው የወጣችው። አስከሬኗን ውሃው ወሰደው። አስከሬን ስለሌለ ሐኪም አላየም፤ ሐኪም ስላላየ አልሞተችም። ይህን የሰጠኝ ሰው ምን እንዳለኝ ልንገርሽ? ‹ሴት ከቤቷ ወጥታ የምትቀርበት ምክንያት ብዙ ነው› አለኝ። በስድሳ ሁለት ዓመቷ፣ የቄስ ሚስት። እህሌን አውድማ ላይ ጥዬ የመጣሁት ካሳ ፍለጋ አይደለም። እናቴ ኮብልላ እንዳልሄደች ይጻፍልኝ።»

ፈትለወርቅ ዞር ብላ ሳጥኑን ከፈተችና መጽሐፉን በሁለት እጇ ወደ መስኮቱ ከፍ አደረገችለት።

«አለ» አለችው።

«አየሁት» አላት።

ከዚያ ወዲያ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። እሷ ታወጣዋለች፤ «አለ»፤ «አየሁት»። ካየ በኋላ ግን ከግንዱ አይነሣም ነበር። እትዬ አበራሽም ማታ ማታ ይጠይቋታል፦ «ዛሬም ቀሚስ ያስቀየረሽ ሳጥኑ ነው?»

ስሕተቱ የተሠራው በቀጣዩ ሳምንት ማክሰኞ ነው። ፈትለወርቅ የመጽሐፉን አሥራ አንድ ስሞች ኮምፒውተሩ ላይ ከዘጠኙ ሥር ጻፈቻቸው፤ የማን የክርስትና ስም ማን እንደሆነ ጠይቃ በኋላ ልታጋጥማቸው ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ክርስትና አያውቅም፤ መስመር ይቆጥራል። የጉባኤው ሰብሳቢ አቶ ፈንታው ሳይጠይቋት አትመው ላኩት። ሟቾቹ ሃያ ሆኑ። እስከ ምሳ ድረስ ስልክ ሲጮኽ ዋለ። ወገዳ ላይ ለሁለተኛ ለቅሶ የድንኳን እንጨት የቆረጠም ነበር ይባላል።

አቶ ፈንታው መዝገብ ቤቱ በር ላይ ቆሙ። «መጽሐፍሽ አሥራ አንድ ሰው ገደለብኝ» አሏት።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ሳላጋጥም መጻፍ አልነበረብኝም።»

«ከእኛ ዝርዝር ጋር አንድም ስም አይገጥምም። ከጉዳዩ ጋር የማይገናኝ ሰነድ ነው። ለሰውየው ይመለስለት፣ ከመዝገብም ይሰረዝ።»

«የማይገጥመው የክርስትና ስም ስለሆነ ነው እኮ፣ አቶ ፈንታው።»

«እኔ መታወቂያ ላይ የሌለ ስም አላውቅም።»

እሳቸውም በአርባ ቀናቸው ስም የወጣላቸው ሰው ናቸው፤ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም።

ፈትለወርቅ ትልቁን መዝገብ ገልጣ አዞረችላቸው። «በቀለም የተጻፈ አይፋቅም፤ ገጹም በማኅተም የተቆጠረ ነው። ይሰረዝ ካሉ ከጎኑ ‹ሰብሳቢው እንዲሰረዝ አዘዋል› ብዬ ምክንያቱን እጽፋለሁ፣ እርስዎ ይፈርማሉ።» እስክሪብቶውን ዘረጋችላቸው።

አቶ ፈንታው እስክሪብቶውን እንደ ፍም አዩት።

«ኮንትራትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?»

«ጥር ሠላሳ። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ በእኔ እጅ ነው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን ሳይነኩ «በመጪው ሐሙስ የሕዝብ ስብሰባ አለ» አሉ። «ቤተሰቦቹ ራሳቸው ቆመው ይህ የእኛ ሰው ስም ነው ካላሉ፣ ያኔ ለመሰረዙ እፈርማለሁ።»

ይህን ለአስማረ ስትነግረው አንገቱን ደፋ።

«የክርስትና ስም አደባባይ ላይ?» አለ። «በእኛ አገር ለባዕድ አይነገርም፣ ታውቂያለሽ። ስም የያዘ ሰው ምን መተት እንደሚሠራበት አይታወቅም ይላሉ።»

«በሞተ ሰው ላይ ምን መተት ይሠራል?»

«ልማዱ ሞቶ መቼ።»

«ዘጠኝ ቤት ነው» አለች ፈትለወርቅ። «ዘጠኙ ከዘጠኙ ከገጠሙ ሁለት ይተርፋሉ። እነዚያን ሁለቱን ማን ሊክዳቸው ነው? ሰዉ ሁሉ አሁን አውድማ ላይ ነው። ሂድና ለምናቸው።»

«ሳጥኑስ?»

«እኔ እጠብቀዋለሁ።»

ሄደ ስትለው ተመለሰ። ፍርግርጉን በጣቱ ያዘ። «ተክለ ኢየሱስ» አላት።

«እሱ ደግሞ ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። የሰው ስም ልለምን ስሄድ መጀመሪያ የራሴን ልስጥ ብዬ ነው።» ቀና ብሎ አያት፤ አሁን ሳጥኑን አልነበረም የሚያየው። «ያንቺስ?»

«ማስረጃ የሚያመጣው አንተ ነህ» አለችና መስኮቱን ዘጋች። ከመስኮቱ ጀርባ ግን ጀርባዋን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ስሙን አንድ ጊዜ፣ ቀስ ብላ፣ ጠራችው። መዝገቡ ላይ አልጻፈችውም። መጻፍም አላስፈለጋትም።

ሐሙስ ደረሰ። የመጋዘኑ ግቢ በሰው ሞላ። ከአስማረ ግን ወሬ የለም። አቶ ፈንታው ዘጠኙን ስም አነበቡ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ተጨማሪ ከሌለ…»

በሩ ላይ ግርግር ሆነ። የአስማረ አባት ቄስ ሙላው መስቀላቸውን ይዘው ከፊት፣ አስማረ ከጎናቸው፣ ከኋላቸው ሠላሳ የሚሆን ሰው። ገለባው ከጋቢያቸው ላይ ገና አልረገፈም።

«አባ፣» አሉ ሰብሳቢው፣ «ይህ የመንግሥት ስብሰባ እንጂ ፍትሐት አይደለም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አሉ ቄስ ሙላው። «ፍትሐቱን እኛ አድርሰናል። የመጣነው የእናንተ ድርሻ ስለቀረ ነው።»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ተነሡ። «ይታየው፤ ገብረ ሚካኤል። ወንድሜ ነው።» ተቀመጡ። ቀጥላ አንዲት እናት ነጠላዋን አፏ ላይ እንደያዘች ቆመች። ከዚያ ነጠላዋን አወረደችው። «ሰብለ፤ ወለተ ኪዳን። ልጄ ናት። መተት የሚሠራ ካለ እኔ ላይ ይሥራ።» ከእሷ በኋላ የሚያቆማቸው አልተገኘም። ፈትለወርቅ ትጽፋለች። ዘጠኙ ከዘጠኙ ገጠሙ።

ቄስ ሙላው መስቀላቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «ንግስት፤ ወለተ ሥላሴ። ሚስቴ ናት። አድራሻዋ አልታወቀም ብላችኋል። አድራሻዋ ወንዙ ነው።»

አሥራ አንደኛው ስም ቀረ። *ኃይለ ማርያም።* አስማረ ግራ ቀኝ አየ። የሚነሣለት የለም። ሰውየው ከመካነ ኢየሱስ ወገዳ፣ ከገበያ ገበያ እየዞረ ጫማ የሚሰፋ ብቸኛ ነበር። ስሙን ለቄሱ የነገረው ለንስሐ ሲመጣ ነው።

«ዘመድ የሌለው ስም አይመዘገብም» አሉ አቶ ፈንታው።

ፈትለወርቅ ከጠረጴዛዋ ተነሣች።

«ጓዴ ይባላል» አለች። «ኃይለ ማርያም ማለት ጓዴ ነው፤ ጫማ ሰፊው። ማስረጃ ቁጥር አሥራ ዘጠኝ የእሱ ጫማ ነው፤ እግሩ ላይ አይቼዋለሁ።»

«አንቺ ሠራተኛ ነሽ እንጂ ምስክር አይደለሽም።»

«ዛሬ ምስክር ነኝ። ጓዴ ክር አይጠቀምም ነበር፤ የራሱንም የሰውንም በዚያው ሽቦ፣ በዚያው አሰፋፍ ነው የሚሰፋው።» ጎንበስ ብላ የቀኝ እግር ጫማዋን አወለቀችና ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከተረከዙ በላይ ሽቦው ያብለጨልጫል። «ይህንን ሐምሌ ላይ የሰፋልኝ እሱ ነው። ቁጥር ስልሳ ሦስት። አምጪ፣ ፈትለወርቅ። ተቀባይም ፈትለወርቅ።» ሁለቱም ቦታ ላይ ፈረመች።

ከጉባኤው አባላት አንዱ ሁለቱን ጫማዎች ጎን ለጎን አገላብጠው አዩና፣ ሰብሳቢውን ሳያዩ፣ «አሥራ አንድ ተብሎ ይጻፍ» አሉ።

ማምሻውን ፈትለወርቅ ባንድ እግሯ ጫማ፣ ባንዱ ባዶዋን፣ ጠጠሩ ላይ እያነከሰች ወጣች። አስማረ አያት። እሱም የቀኝ እግሩን ጫማ አወለቀና በእጁ ይዞ ከጎኗ ሄደ። እትዬ አበራሽ በር ላይ ተቀበሏቸው፤ ሁለት ሰው በሁለት ጫማ ሲመጣ አይተው አያውቁም።

«ኧረ ጎረቤት ምን ይላል?» አሉ።

«ይበል» አለች ፈትለወርቅ።

ተባለም፤ እኛ ጎረቤቶቿም ብለናል።

ኮንትራቷ አልታደሰም፤ አልጠበቀችምም። ጥር ሠላሳ መኪና መጥቶ ሳጥኖቹን ጫነ። ትልቁን መዝገብ አስረከበች፤ አንድም ቁጥር አልዘለለም፣ አርባ አንድም በቦታው ነው። ጫማዋም አብሮ ሄደ። የመጽሐፉን ግልባጭ ቄስ ሙላው ይዘዋል፤ ዋናው ከሪፖርቱ ጋር ነው። አስማረም አዲስ ደብዳቤ ደርሶታል፤ *ሕይወታቸው ያለፈ* ይላል። አጣጥፎ በዚያው የደረት ኪሱ አስቀምጦታል።

ፈትለወርቅ ባዶውን መጋዘን ቆልፋ ስትወጣ ግንዱ ላይ ተቀምጦ አገኘችው።

«ሳጥኑ ሄዷል እኮ» አለችው። «አሁን ደግሞ ምን ትጠብቃለህ?»

«አሁን አንቺን ነው» አለ። ተነሣ። ወደ ትከሻዋ ጀርባ አላየም፤ ዓይን ዓይኗን አያት። «አባቴ ለተክሊል ጸሎት የክርስትና ስም ያስፈልጋል ይላል። የእኔን ሰጥቼሻለሁ። ያንቺን እስከ ዛሬ አልነገርሽኝም።»

ፈትለወርቅ ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ፈገግታዋን ለመዋጥ ሞከረች፤ የእትዬ አበራሽን ምክር አልረሳችም።

«እንዲህ መንገድ ላይ አይሰጥም» አለችው። «ማመልከቻው በሦስት ሽማግሌ ይቀርባል። ቁጥር እሰጠዋለሁ።»