አርባ አራት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ አንድ

ሐኪሙ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ ሲያላቅቅ መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ትመለከት ነበር። ቀኝ እጃቸው ተዘርግቷል፤ ግራው ግን እንደ ድንጋይ ተጨብጧል። የመጨረሻው ጣት ሲለቅ መዳፋቸው ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፉ ሦስት ቁጥሮች ታዩ፤ 44፣ 49፣ 51።

«የስልክ ቁጥር አይመስልም» አለ ሐኪሙ።

«ቆይ» አለች መርማሪዋ።

ይህ ቃል ከአፏ ስለማይጠፋ ባልደረቦቿ በሌለችበት «እመት ቆይ» ይሏታል። ታውቃለች፤ አትቆጣም። በሃያ ስድስት ዓመት ሥራዋ፣ የቸኮለ መርማሪ የሚያየው ሌላ ሰው አሰናድቶ ያስቀመጠለትን ብቻ መሆኑን ደጋግማ ታዝባለች።

ሟቹን ሁሉም «ጋሽ ሚዛን» ይሏቸው ነበር። የጎልፍ ክለቡ ዱላ ሠሪ ናቸው። የተሰበረ ይጠግናሉ፣ ዘንግ ይቀይራሉ፣ የዱላውን ብረት ተጫዋቹ እንደሚመታበት መንገድ ያስተካክላሉ። ሦስቴ ሳይለኩት ከእጃቸው የሚወጣ ዱላ ስላልነበረ ነው ስሙ የወጣላቸው። ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ በሩን ስትከፍት ብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ሥር በጎናቸው ወድቀው አገኘቻቸው። አጠገባቸው አንገቱ ላይ የተሰበረ የዱላ ራስ፣ ደም እንደነካው ተጋድሟል። ዘንጉ ወዲያ ተወርውሯል። ውጪ ሜዳው በጉም ተሸፍኖ ነበርና ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከቧንቧው የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው።

ነገሩ ግልጽ ይመስል ነበር። ሽማግሌው ብረቱን በሞርሳ አስነክሰው ሊያጥፉ ሲታገሉ ተሰብሮ ተፈናጠረ፣ ጆሮ ግንዳቸውን መታቸው፣ አለቀ። የክለቡ ሰው ሁሉ ይህንኑ ሲናገር አርፍዷል።

መርማሪዋ ተንበርክካ የተሰበረውን ራስ አየችው። ታችኛው ጠርዙ እንደ አውራ ጣት ወፍራም ነው። ከዚያ ቁስሉን አየች።

«ዶክተር፣ የመታቸው ምን ዓይነት ነገር ነው?»

«ጠርዙ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ነገር። ከበላዩ ደግሞ እንደ ደብተር መስመር የተደረደረ ሰንበር አለ።»

«ይሄ ወፍራም ብረት እንዲህ ያደርጋል?»

ሐኪሙ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

ከሥራ ጠረጴዛው ሥር እንደ አተር ተድቦልቡሎ የተጣለ ቀይ ፕላስተር አገኘች። የተሰበረው ብረት ጀርባ ላይ ጣቷን ስታሳርፍ ሙጫ ጓንቷን ያዘው። ጥግ ላይ ረጅም ባዶ ካርቶን ቆሟል፤ «50 ዲግሪ» የሚል ታትሞበታል። በካርቶኑ ውስጥ የነበረው ዱላ ግን ክፍሉ ውስጥ የለም።

የሟቹ የእህት ልጅ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ተጫዋች ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል።

«ትናንት ተጣልተናል» አለች ገና ሳትጠየቅ። «ከሌላ ከሚሰሙት ከእኔ ይስሙት። ዐሥር ሰዓት ላይ ‹ጊዜ አልፎብዎታል!› ብዬ ጮኼባቸው ወጣሁ። ሌላ ቃል አልተነጋገርንም።»

«በምን ተጣላችሁ?»

«በአንድ ዱላ።»

«ቆይ፤ እኔ ቴሌቪዥን ላይ ጎልፍ ሲመጣ ጣቢያ የምቀይር ሰው ነኝ። ምንም እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ።»

ልጅቷ ሳታስበው ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፈገግታዋ ጠፋ። «ለአጭር ርቀት የምንመታባቸው ዱላዎች ዌጅ ይባላሉ። የብረቱ ፊት ወደ ኋላ ባዘነበለ ቁጥር ኳሱ ከፍ ይልና ርቀቱ ያጥራል። የኔ የመጀመሪያው አርባ አራት ዲግሪ ነው። የመጨረሻው፣ የአሸዋው የምንለው፣ ሃምሳ አራት። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው የመሃሉ ነው፤ አርባ ዘጠኝ።»

«የአሸዋው ሃምሳ አንድ አይደለም?»

«ሃምሳ አራት ነው። ጋሼ ራሳቸው ናቸው ያስተካከሉልኝ።»

መርማሪዋ መልሱን በልቧ ያዘች። «እሺ፣ ጠቡስ?»

«የመሃሉ ዱላዬ ከሌሎቹ ብረቶች ጋር በአንድ ስብስብ የመጣ ነው። ክብደቱም መልኩም ከነሱ ጋር አንድ ነው። ለብቻው የሚሠራ ዓይነት ደግሞ አለ፤ ጠርዙ ስስ፣ ፊቱ ላይ ያለው ጭረት የሰላ። ከሁለት ወር ወዲህ ርቀቴ ተበላሸብኝ። በአሸዋው ከሰማንያ ሜትር ስመታ ኳሱ ቀዳዳውን ዐሥር እርምጃ አልፎ ይሄዳል። የመሃሉም የአሸዋውም አንድ ቦታ ላይ ነው የሚጥሉልኝ። አሰልጣኜ ‹ጥፋቱ የስብስቡ ዱላ ነው፣ ለብቻው የተሠራውን ያዢ› አለኝ። ጋሼ ደግሞ ‹አንቺ በሙሉ ጉልበት የምትመቺ ልጅ ነሽ፣ የስብስቡ ነው የሚሆንሽ። ለብቻው የተሠራው ቀዳዳው አጠገብ ለሚራቀቅ እጅ ነው። ለማንኛውም አንድ አዝዣለሁ፤ ከመቀየርሽ በፊት ግን ሁሉንም ልለካቸው› አሉኝ። እኔ መታገሥ አቃተኝ። የብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ የፊታችን ሳምንት ነው፤ የቀረው ደግሞ አንድ ቦታ ብቻ።»

«ከማን ጋር ነው የምትፎካከሪው?»

«ከአሰልጣኜ ልጅ ጋር። ሁለታችንንም እሱ ነው የሚያሠራን።»

«ቀይ ፕላስተርስ ምን ማለት ነው?»

«‹እንዳይታጠፍ› ማለት ነው። የስብስቡ ብረቶች ቀልጠው በቅርጽ የፈሰሱ ናቸው፤ ብዙ ከታጠፉ ይሰበራሉ። ለብቻቸው የሚሠሩት ለስላሳ ናቸው፣ እሺ ይላሉ፤ የአሸዋዬም ከነሱ ወገን ነው። ጋሼ በማይታጠፈው ሁሉ ላይ ቀይ ይለጥፋሉ።» ድንገት ቀና አለች። «የተሰበረው የቱ ነው?»

«አርባ ዘጠኝ የተቀረጸበት፤ ያንቺ የመሃሉ።»

«አይሆንም። ጋሼ እሱን ሞርሳ ውስጥ አያስገቡትም። ዓይናቸውን ጨፍነው እንኳ አያደርጉትም።»

ሁለቱ ወደ ሥራ ክፍሉ ሄዱ። የልጅቷ የዱላ ቦርሳ ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። መርማሪዋ የአሸዋውን ዱላ መዝዛ የዲግሪ መለኪያ መሣሪያው ላይ እንድታስቀምጥላት ጠየቀቻት። መርፌው ተንቀጠቀጠና ቆመ።

«ሃምሳ አራት» አለች ልጅቷ። «እንደ ድሮው።»

መርማሪዋ መዳፉ ላይ የተጻፈውን 51 አስታውሳ መርፌውን ደግማ አየችው።

የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ቢሮዋ ውስጥ ቆማ ነው የጠበቀቻት። «እውነቱን ልንገርዎ፣ ያን ክፍል ሱቅ ላደርገው ስለምፈልግ ከእሳቸው ጋር ስንነታረክ ነው የከረምነው። ቢጠረጥሩኝም አልፈርድብዎትም።»

«ትናንት መቼ አገኟቸው?»

«ዐሥር ተኩል ላይ የመጣላቸውን ዕቃ ወሰድኩላቸው። አዲሱን ዱላ ካርቶኑን ከፍተው ሲያወጡት አይቻለሁ። ዐሥራ አንድ ተኩል ላይ ደግሞ ደወሉልኝ፤ ‹አንድ ዱላ ተነካክቷል፣ ነገ ጠዋት የምርጫ ኮሚቴውን ሰብሳቢ ጥሪልኝ› አሉኝ። ‹ደግሞ የምን ዱላ ነው የተነካካው?› ብዬ ጮህኩ። ‹ነገ› ብለው ዘጉት።»

«አጠገብዎ ማን ነበር?»

«አሰልጣኙና ሴት ልጁ፤ ለብሔራዊ ቡድኑ ምርጫ የጉዞ ፎርም እየሞሉ። ከዚያ ተበታተንን። የአሰልጣኙን ልጅ እኔ ነኝ ቤቷ ያደረስኳት፤ መንገዳችን አንድ ነው።»

«ጋሽ ሚዛን ቀይ ፕላስተር የሚለጥፉት ለምንድን ነው?»

«ቀይማ የሴቶች ዱላ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ በሙሉ ልብ።

አሰልጣኙ ኮሪደሩ ላይ ቦርሳውን እያሰናዳ ነበር። ረጅም፣ ጫማው እንኳ እንደ መስታወት የሚያበራ ሰው ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ። «ነገ የአሰልጣኞች ውድድር አለብኝ። እጄን ሥራ ካላስያዝኩት እንባዬ ይመጣል። ሞርሳ የያዝኩት እሳቸው አስተምረውኝ ነው።»

«መጨረሻ ላይ ያገኟቸው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት። ትናንት ከቢሮ በቀጥታ ቤቴ ነው የገባሁት። ምን ይደረግ፣ ዓይናቸው ደክሞ ነበር። ጡረታ ይውጡ ብንላቸው አልሰማ አሉ።»

«ለእህታቸው ልጅ የታዘዘው አዲስ ዱላ መጥቶ አይተውታል?»

«እኔ አላየሁም። የመጣም አይመስለኝም።»

ሰው ሲያናግራት ነገር መቁጠር ልማዷ ነው፤ የደረጃ ብዛት፣ የመስኮት ብዛት፣ የሸሚዝ ቁልፍ። አሁንም ከቦርሳው ጎልተው የሚታዩትን ዱላዎች ቆጠረች። ዐሥራ አምስት ናቸው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አሰልጣኙ ቦርሳውን እንደያዘ እንዲመጣ ተነግሮታል። ልጁ አጠገቡ ቆማለች፤ ኮፍያዋን በእጇ ታፍተለትላለች። ሥራ አስኪያጇ በሩ ጋ ናት፤ የሟቹ የእህት ልጅ አግዳሚው ላይ። ሐኪሙና ሁለት ፖሊሶች መውጫውን ይዘዋል። ጉሙ ተገፍፎ ደመና ስለተተካ መብራት በርቷል።

«ጋሽ ሚዛን የሞቱት በአደጋ አይደለም» አለች መርማሪዋ። «ይሄ የተሰበረ ብረት ጠርዙ ወፍራም ነው፤ ቁስሉ ግን ቀጭን። ቀይ ፕላስተሩ ተልጦ ተድቦልቡሎ ተጥሏል። ይህን ያደረገው ቀዩ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው። እንደሚሰበር ስላወቀ ነው የመረጠው፤ የላጠው ደግሞ ‹እንዳይታጠፍ የተባለውን ለምን አጠፉት?› እንዳይባል ነው። ሥራ አስኪያጇ ግን ቀይ የሴቶች ዱላ ይመስላቸዋል።»

ሥራ አስኪያጇ ፊቷ ቀላ።

«አሁን ወደ ቁጥሮቹ። ጋሽ ሚዛን ትናንት የእህታቸውን ልጅ ሦስት ዱላዎች ለክተው መዳፋቸው ላይ ጻፉ። አርባ አራት፣ አርባ ዘጠኝ፣ ሃምሳ አንድ። የአሸዋው ሃምሳ አራት መሆን ነበረበት። አንድ ሰው ሦስት ዲግሪ አጥፎታል። ከመሃሉ ጋር አንድ ርቀት የሚጥለው ለዚህ ነው። የስብስቡ ይሻላል፣ ለብቻው የተሠራው ይሻላል እያላችሁ ሁለት ወር ስትከራከሩ የመሃሉ ዱላ ምንም አልሆነም ነበር።»

የእህታቸው ልጅ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

«ዛሬ ጠዋት ግን ያው የአሸዋ ዱላ ሃምሳ አራት ሆኖ አገኘሁት። መጀመሪያ ጋሽ ሚዛን ራሳቸው አቃንተውት ይሆናል አልኩ። ግን ለሰብሳቢው ሊያሳዩት የፈለጉትን ማስረጃ ከማሳየታቸው በፊት ለምን ያጠፉታል? ያቃናው ገዳዩ ነው። የተጨበጠ እጃቸውን ግን ፈልቅቆ አላየም።»

«እሷስ?» አለ አሰልጣኙ በአገጩ ወደ እህታቸው ልጅ እያመለከተ። «ስትጮህባቸው ክለቡ ሁሉ ሰምቷል።»

«ቆይ። ዱላዋ እንደተበላሸባት ብታውቅ ኖሮ አንስታ ለኮሚቴው ታሳያለች እንጂ በድብቅ አታቃናውም። ደግሞም የስልኩን ወሬ የሰሙት ቢሮ የነበሩት ሦስቱ ናቸው። ከሦስቱ ሁለቱ በአንድ መኪና ሄዱ። ብቻውን የቀረው አንድ ነው።»

አሰልጣኙ ለመሳቅ ሞከረ። «ይሄ ወሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም።»

«ልጄ፣ አንድ ተጫዋች ለውድድር ስንት ዱላ ነው የሚይዘው?» አለች መርማሪዋ ወደ አግዳሚው ዞራ።

«ዐሥራ አራት» አለች የእህታቸው ልጅ። «ካለፈ ቅጣት አለው።»

«የነገ ውድድር ቦርሳዎ ውስጥ ዐሥራ አምስት አሉ፣ አሰልጣኝ። የመታበትን ከዱላዎች መሃል የደበቀ ሰው ዱላ ሠሪ ወይም ተጫዋች ነው፤ ሌላ ሰው ኩሬ ውስጥ ይጥለው ነበር።» ጓንቷን አጥልቃ አንዱን መዘዘች። ጠርዙ ስስ ነው። እጀታው ላይ የፕላስቲክ መጠቅለያው ቁራጭ ገና ተጣብቋል። አንገቱ ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያየችው፤ አንድ ነው። ሐኪሙ ተቀብሎ አምፖሉ ሥር ያዘው።

«ጭረቱ ውስጥ የደረቀ ነገር አለ» አለ።

 አሰልጣኙ ሞርሳውን ያዝ አድርጎ ተደገፈ።

«ልለምናቸው ነበር የመጣሁት» አለ በስተመጨረሻ። «‹ነገ ራስህ ለሰብሳቢው ትነግረዋለህ፣ እኔ አጠገብህ እቆማለሁ› አሉኝ። አልተቆጡኝም እኮ። አዲሱን ዱላ በእጃቸው ይዘው ነበር፤ አስቀመጡት፣ ዞር አሉ…»

 ልጁ ከአጠገቡ አንድ እርምጃ ራቀች።

«አባዬ፣ የኔን ዱላዎችስ ነካክተሃቸዋል?»

«የለም! በጭራሽ! አንቺማ ጎበዝ ነሽ፣ የኔ ልጅ፣ አንቺ ምንም አያስፈልግሽም።»

«ጎበዝ መሆኔን ካመንክ የሷን ለምን ነካህ?»

አሰልጣኙ ዓይኑን ወደ ሞርሳው መለሰ። ፖሊሱ ክንዱን ይዞ በሩን አሳለፈው፤ እርምጃው ጠጠሩ ላይ እየራቀ ሄደ።

የአሰልጣኙ ልጅ ክፍሉ መሃል ቀረች። ሥራ አስኪያጇን የጉዞ ፎርሟን እንድትመልስላት ጠየቀቻት፤ ከቢሮ ስታመጣላትም ምን እንደምታደርገው ሳታውቅ ደረቷ ላይ ያዘችው። ከዚያ ወደ ሟቹ የእህት ልጅ ዞረች። እንዲህ ባለ ጊዜ ምን እንደሚባል ያስተማራት ሰው አልነበረምና እዚያው ቆመች።

የእህታቸው ልጅ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያም አግዳሚው ላይ እንድትቀመጥ ጠጋ አለችላት።