የሻጩ ምሳ

ጋሽ ገነነ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ሴቻ ሰፈር ባለው ቤታቸው ጓሮ፣ ራዲዮ በሚጠግኑባት ጠባብ ክፍል ውስጥ። በሁለቱም የእጅ አንጓቸው ላይ የተላጠ የመብራት ሽቦ ተጠምጥሟል። ግንባራቸው ላይ ያለው ቁስል ሲወድቁ ጠረጴዛው ላይ የተገጠመው የብረት መቆንጠጫ፣ ሞርሳው፣ መትቷቸው ነው ተባለ። ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ወሬው ወደ ሲቀላ ገበያ ወርዶ፣ ተቀጥሎበት ተመልሷል፦ «ሽማግሌው በቴሌግራም ተጭበርብረው፣ ሀፍረቱን አልቻሉትም፤ ራሳቸውን አጠፉ።» የሰው አፍ መቼም ሬሳ እስኪነሳ እንኳ አይታገስም።

ኢንስፔክተር ማራኪ ስትደርስ በሩ ላይ ክርክር ጠበቃት። የሟቹ ብቸኛ ልጅ ሰብለ፣ ከሌሊት ተረኝነቷ የነርስ ልብሷን ሳታወልቅ፣ የደብሩን አለቃ አባ ገብረእግዚአብሔርን አላሳልፍም ብላ ቆማለች።

«አባ፣ የንስሐ ልጅዎ ነው! ያለ ፍትሐት እንዴት ይቀበራል?»

«ልጄ፣ እኔስ ጠልቼ መሰለሽ? ራሱን ላጠፋ ፍትሐት አይደረግም። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው፤ እስከዚያ ሌላ ነገር ከተገኘ እሰየው።»

«አባቴ ራሱን አላጠፋም!»

«እሱን እናያለን» አለች ማራኪ በመሀላቸው ገብታ። አርባ አምስት ዓመቷ ነው፤ ስትናገር ትዋጋለች፣ ስታይ ግን አትቸኩልም። ሰብለንና ኮንስታብል ብዙነህን አስከትላ ወደ ጠባቧ ክፍል ገባች።

ጠረጴዛው ላይ የድሮ የእንጨት ራዲዮ ጀርባው ተከፍቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያሉ ራዲዮኖች የሚሠሩት በመስታወት አምፖል ነው፤ ከአምፖሎቹ የአንዱ ቦታ ባዶ ነበር። ጋሽ ገነነ አንጓ ላይ የተጠመጠመው ሽቦ ሌላኛው ጫፍ፣ ሶኬቱ፣ ራዲዮኑ አናት ላይ በሥርዓት ተጋድሟል። ማራኪ እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ብዙ አየችው።

«ጠዋት ስትገቢ ምን ነካሽ?»

«ምንም። በሩ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ጮኼ ወጣሁ።»

«አንተስ ብዙነህ?»

«እኔማ እርስዎ ሳይመጡ ምን ልነካ! የባለፈው ስድብ ገና አልወጣልኝም።»

«ጎበዝ። ለካ ስድብም ይጠቅማል።»

ሰብለ የአባቷን ስልክ ከፈተችላት። ሐሙስ ዕለት «ኤልያስ፣ ድሬዳዋ» ከሚባል ሻጭ ጋር ተጻጽፈዋል። ሻጩ የጎደለው አምፖል አለኝ ይላል። ጋሽ ገነነ የመለሱለት አንድ መስመር ነው፦ «አምፖሉን ከዛሬ ምሳህ አጠገብ አድርገህ፣ ፎቶ አንስተህ አሁኑኑ ላክ።»

«ምሳ ደግሞ ምን አገባው?» አለ ብዙነህ።

«ሕጉ ነው» አለች ሰብለ። «ከማያውቀው ሰው ዕቃ ሲገዛ እንደዚህ ነው የሚያደርገው። ‹የዕቃውን ፎቶ ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፤ የዛሬ ምሳቸውን ግን ከየት ያወርዳሉ?› ይላል። ስንቱን ሌባ በዚህ አባሯል! እንዴት ተደርጎ እሱ ይጭበረበራል?»

ፎቶው ላይ አምፖሉ ከአንድ ሳህን አጠገብ ቆሟል። ሳህኑ ውስጥ ኩርኩፋ አለ፤ ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለ የበቆሎ እንክብል። ሳህኑ ካረፈበት ጠረጴዛ ጥግ ሦስት ጥቁር የተቃጠሉ ነጥቦች ይታያሉ። ጋሽ ገነነ ፎቶው በደረሳቸው በአንድ ሰዓት ውስጥ ብሩን ልከዋል። ከዚያ በኋላ «ዕቃዬ የት ደረሰ» የሚል ቃል ለሻጩም ለሌላ ሰውም አልጻፉም። ዓርብ አሥር ሰዓት ላይ ግን አንድ ስልክ ደውለዋል። አርባ ሰከንድ ብቻ አውርተዋል።

«ብሩ የገባበትን ሂሳብ ባንኩ የሚነግረን ሰኞ ነው» አለ ብዙነህ።

«ሰኞማ ሰውዬው ተቀብሯል» አለች ማራኪ። ሰብለ አንገቷን ደፋች።

የድሮ ራዲዮ ያሳበዳቸው ሰዎች በከተማው ከጋሽ ገነነ ሌላ ሦስት ናቸው፤ በየሳምንቱ እዚህች ክፍል ይሰበሰባሉ። ማራኪ መጀመሪያ ወደ ሲቀላ ወርዳ ስልክ ጠጋኙን ዳምጤን አገኘችው። መበየጃው እንደጋለ ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወደ መንገዱ ወጣ።

«አቶ ዳምጤ፣ ቤቱ ይቃጠላል እኮ!»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው። ጋሽዬም ‹አንተ ሰውዬ ሳትነቅል አትሂድ› እያሉ ስንቴ ተቆጡኝ፤ መቼ ሰምቼ!» ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

«መጭበርበራቸውን ማን ነገረዎት?»

«መምህሩ ጓደኛችን ይበልጣል። ትላንት ማታ ደውሎ። እውነቱን ልንገርዎ፣ እኔም ባለፈው ወር አንድ የማላውቀው ሻጭ በልቶኛል። ሰው እንዳይስቅብኝ ዋጥ አደረግኩት።»

አጵሎስ ደግሞ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን የድምፅ ባለሙያ ነው። ለእሑድ ስፒከር እያቆመ አገኘችው፤ ወለሉ በሙሉ እንደተሰካ የተተወ ገመድ ነው፤ እሷም አንዱን ረግጣ ልትወድቅ ነበር።

«አንተስ ከማን ሰማህ?»

«ከይበልጣል። ‹ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር› አለኝ። ግን አልገባኝም። ጋሽዬ የሻጩን ምሳ ሳያዩ እንዴት ይከፍላሉ?»

«አይተዋል።»

«እና አይተው ነው የተበሉት?»

«እሱን ነው እኔም የምለው» አለች ማራኪ።

መምህር ይበልጣል ትምህርት ቤት ነበር፤ በላቦራቶሪው ለቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት ውኃ ያፈላል። ሲያያት ብድግ አለ። ማፍያውን ነቀለ፣ ሶኬቱን ማፍያው ላይ አጋደመ፣ ከዚያ እጁን ዘረጋላት። ዓይኑ ቀልቷል።

«ጋሽ ገነነ ያስተማሩት እዚህ ነበር አሉ።»

«ሠላሳ ዓመት። እኔንም እዚህ ነው ያስተማሩኝ፤ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ገባሁ። አባቴ ሲሞት ቤታቸው ወስደው ያሳደጉኝም እሳቸው ናቸው። ሰብለ እህቴ ማለት ናት።»

«ትላንት ደውለውልዎታል?»

«አዎ። ‹ተጭበረበርኩ፣ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ› እያሉ ግማሽ ሰዓት ያህል አወሩኝ። ሄጄ ባጽናናቸው ኖሮ…»

ማራኪ የጠረጴዛውን ጥግ በመዳፏ ዳበሰችው። «አሲድ ነው ያቃጠለው?»

«የተማሪ ነገር! ከኔ ዘመንም በፊት ነው።»

«እግዜር ያጽናዎት» ብላ ወጣች።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሁሉም ሰብለ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ሦስቱ የራዲዮ ወዳጆች፣ አባ ገብረእግዚአብሔርና ብዙነህ። ውጪ ለቀስተኛው በድንኳኑ ዝቅ ባለ ድምፅ ያወራል። ፍትሐት የሚከለከል ሰው ቤት እንዴት እንደሚለቀስ እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

«አባ፣ ለእርስዎ ነው የምናገረው» አለች ማራኪ። «ጋሽ ገነነ ራሳቸውን በኤሌክትሪክ ገደሉ ተብሏል። ሽቦው እጃቸው ላይ ነው፤ እውነት ነው። ሶኬቱ ግን ተነቅሎ ራዲዮኑ አናት ላይ ተጋድሟል። ሰብለ ፖሊስ ነቀለው አለች በሆዷ፤ ፖሊስ ሰብለ ነቀለችው አለ በሆዱ። ሁለቱም አልነኩም። ታዲያ የሞተ ሰው ተነስቶ ሶኬት ነቅሎ ተመልሶ ይተኛል?»

አባ ገብረእግዚአብሔር አማተቡ።

«ሽቦውን ያሰረው ሌላ ሰው ነው። ሲወጣ ደግሞ እጁ ሳያስበው ነቀለ። እንዲህ ያለ እጅ የማን ነው? አቶ ዳምጤ የጋለ መበየጃ ትተው ይሄዳሉ። አጵሎስ ገመዱን እንደሰካ ያድራል። አንድ ሰው ግን ዛሬ እኔን ከመጨበጡ በፊት ሶኬት ነቅሎ ዕቃው አናት ላይ አጋደመ።»

ዳምጤና አጵሎስ ወደ ይበልጣል ዞሩ። ይበልጣል ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ኢንስፔክተር፣ እሳቸው ራሳቸው ናቸው እኮ ያስለመዱኝ!»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የሚያሳዝነው። ደግሞ ጋሽ ገነነ ተጭበረበርኩ ብለው ለማንም አልጻፉም። ወሬው የወጣው ካንተ አፍ ብቻ ነው። ግማሽ ሰዓት አወሩኝ አልክ፤ ላንተ የደወሉት አንዴ ብቻ ነው፣ ስልኩም አርባ ሰከንድ ይላል።» ስልኩን አወጣች። «ይኼ የድሬዳዋው ሻጭ ምሳ ነው። አጵሎስ፣ ምንድን ነው?»

«ኩርኩፋ! የኛው ኩርኩፋ!»

«ድሬዳዋም ኩርኩፋ የሚቀቅል አይጠፋም እንበል። ጠረጴዛውስ? እነዚህን የአሲድ ነጥቦች ዛሬ በእጄ ዳስሻቸዋለሁ። ለጋሽ ገነነ ደግሞ የሠላሳ ዓመት ጠረጴዛቸው ነው፤ እንደ አቶ ዳምጤ አፍረው ዝም ያሉትን ስትበላ ማንም አላወቀብህም፤ እሳቸው ግን በአንድ ፎቶ አወቁህ።»

ሰብለ ብድግ አለች። «ቆይ፣ ቆይ። ካወቀ ለምን ከፈለ?»

ማራኪ ወደ ይበልጣል አየች። እሱ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል።

«ቤቲንግ ነው፣ የኳስ ውርርዱ» አለ በመጨረሻ። «ደሞዜን ጨረስኩ፣ የሰው ገንዘብ ውስጥ ገባሁ። አምፖሉም የሳቸው ነው፤ ተቃጥሎ ሲጥሉት ያነሳሁት። ‹ና› አሉኝ፤ መጣሁ። እንዲቆጡኝ ነበር የጠበቅኩት። ‹አውቄ ነው የከፈልኩህ፤ ከቸገረህ ለምን አልነገርከኝም?› አሉኝ። ‹ሌላም ሰው በልተህ ከሆነ ግን መልስ፤ አብሬህ ሄጄ ይቅርታ እንጠይቃለን› ሲሉ ዳምጤ ፊት መቆሙ ታየኝ። ልወጣ ስል እጄን ያዙኝ። ገፋኋቸው። ሞርሳው ላይ… ሰብልዬ፣ ገፍቼ ብቻ ነበር!»

«ከዚያ በኋላስ?» አለች ሰብለ። «ነገ ያለ ፍትሐት ጉድጓድ ሲገባ፣ ወንድሟ ነኝ ብለህ አጠገቤ ልትቆም ነበር?»

ብዙነህ የይበልጣልን ክንድ ይዞ አስነሳው፤ ዳምጤ ሲያልፍ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

አባ ገብረእግዚአብሔር መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «በተማሪው እጅ የሞተ መምህር ነው» አሉ። «ዲያቆናቱን ጥሩልኝ። ፍትሐቱ ሙሉ ይሆናል፤ እኔ ራሴ ነኝ የምቆምለት።»

ሰብለ ከጠዋት ጀምሮ ስትከራከር ነው የዋለችው፤ ለማልቀስ ጊዜ አልነበራትም። አሁን ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና «አባዬ!» ብላ ጮኸች። ያን ጊዜ ነው ድንኳኑ ውስጥ ያለው ለቀስተኛ ሁሉ አብሯት የጮኸው።