«ሁለቱም አላስቸገሯትም»

«ከላይ ነው ያልኩሽ፣ እማዬ። ማውሱን ወደ ላይ ውሰጂው።»

«ከላይ ምንም የለም እኮ።»

«ስትወስጂው ነው የሚመጣው።»

ጥሩሸዋ ማውሱን እየጎተተች ወደ ስክሪኑ ጫፍ ወሰደችው። የተደበቁት ቃላት ብቅ አሉ። ልታነባቸው መነጽሯን ስታስተካክል ክርኗ ማውሱን ገፋውና ተመልሰው ጠፉ።

ገሊላ በረጅሙ ተነፈሰች። ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቢሮው ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም፤ ከውጭ የሚኒባስ ረዳት «ደብረ ብርሃን! ደብረ ብርሃን!» እያለ ይጣራል። እናቷ በዚህ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ጸሐፊ ናት። መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ በታይፕራይተር ይጻፍ ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ እዚሁ ወንበር ላይ ነበረች። ኮምፒውተር ሲመጣም ተማረች፤ ስትማር ግን እያንዳንዱ ነገር የት እንዳለ በእጇ እየለመደች እንጂ ስሙን በቃሏ እየያዘች አልነበረም።

የጽሕፈት ቤቱን ኮምፒውተሮች ቫይረስ ጨርሷቸዋል። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተዛመተ ደብዳቤውን ሁሉ ሲበላው፣ አዲሱ የአይሲቲ ባለሙያ አቶ አንዷለም ሁሉንም አጥፍቶ ሊኑክስ የሚባል አዲስ ሲስተም ሊጭንባቸው ወሰነ። ሊኑክስ በነጻ የሚገኝ ነው፤ አሠራሩም ለማንም ክፍት ስለሆነ የፈለገ ሰው ቀይሮ የራሱን ዓይነት ያወጣል። ዓይነቱ የበዛውም ለዚህ ነው። አቶ አንዷለም የእነ ገሊላን ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክበብ እንዲያግዘው ጠየቀ፤ ብዙ ዓይነት ሞክረው በመጨረሻ ሁለት ቀሩ። አንደኛው እንደ ድሮው ነው፤ ሁሉም ነገር ከታች በግራ በኩል ተደርድሮ ይታያል። ልጆቹ «ሽማግሌው» አሉት። ሁለተኛው ቀለሙ ያምራል፣ መስኮቶቹ እየተንሳፈፉ ይከፈታሉ፣ የማያስፈልገውን ሁሉ ይደብቃል። እሱን «ሙሽሪት» አሏት።

«ለእናንተ የሚያምረውን አይደለም የምፈልገው» ብሏቸው ነበር አቶ አንዷለም። «ለሠራተኛው የሚቀለውን ነው። ሠራተኛ አስቀምጣችሁ ሞክሩ።» ገሊላ እናቷን እንድትሞክር፣ ጓደኛዋ ትሕትና ደግሞ የመጋዘን ኃላፊውን አቶ ገሠሠን እንድትሞክር ተስማሙ።

ጥሩሸዋ በሽማግሌው ላይ አንድ ደብዳቤ ማንንም ሳትጠይቅ ጽፋ አትማ ነበር። ሙሽሪት ላይ ግን የማተሚያውን ትእዛዝ ስትፈልግ ላብ አጠመቃት።

«በቃ ዝጊልኝ» አለች በመጨረሻ፣ ነጠላዋን እያጣፋች። «የመጀመሪያው ይሻለኛል። ይሄኛው ያስጨንቃል። እንደዚያ ብለሽ ንገሪያቸው፣ እሺ?»

«እሺ።»

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ክበቡ ተሰበሰበ። አቶ አንዷለም ከፊት ቆሟል።

«እንዴት ሆነ?» አለ።

«አቶ ገሠሠ ሙሽሪትን ወደዋታል» አለች ትሕትና ቀድማ። «ቶሎ ነው የገባቸው።» ከዚያ በጠረጴዛው ሥር የገሊላን እግር ነካ አደረገቻት። ገሊላ ገባት፤ አቶ ገሠሠ ቅዳሜ ቢሮ አልመጡም። ትሕትና ማንንም አልሞከረችም።

«ሽማግሌውን የሚፈልግ የታይፕራይተር ዘመን ሰው ብቻ ነው» አለ ከኋላ የተቀመጠው ማዕረግ። «እነዚህ ፋራዎች ኪቦርድ ብትሰጣቸው እንደ መዶሻ ይደበድቡበታል።» ክፍሉ በሣቅ ሞላ።

«ገሊላስ?» አለ አቶ አንዷለም። «እናትሽን ምን አስቸገራቸው?»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ፊቷ ጋለ። ጣቷን ስክሪን ላይ እያሳረፈች ቃላት የምትፈልግ እናቷ ታየቻት፤ ማዕረግም ያያት መሰላት።

«ሁለቱም አላስቸገሯትም» አለች።

ሙሽሪት ተመረጠች።

ማታ እራት ላይ ጥሩሸዋ ጠየቀቻት። «ነገርሻቸው?»

«ነግሬያቸዋለሁ። ግን ሌሎቹ ሠራተኞች ቀላል ነው አሉ። በድምፅ ተበለጥን።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

ጥሩሸዋ ራሷን ነቅነቅ አደረገች። «እንግዲያው እኔም እለምደዋለሁ» አለች።

አልለመደችውም። የአዲሱ ሲስተም ሥልጠና ላይ ወጣቶቹ እየቀደሙ ሲጠይቁ እሷ ሰው እንዳይታዘባት ዝም ትላለች። ሌሎችም ይቸገሩ ነበር፤ ግን የእነሱን ሥራ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። የኅብረት ሥራው ጠቅላላ ጉባኤ ቀን መጣ። ከሞላሌ ከተማና ከየቀበሌው የመጡ ተወካዮች አዳራሹን ሞልተው ሪፖርቱን ይጠብቃሉ፤ አቶ አንዷለም ለሥራ ደብረ ብርሃን ሄዷል። ጥሩሸዋ ጽፋ የጨረሰችውን ሪፖርት የት እንዳስቀመጠችው አጣችው። ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ወይዘሮ ጥሩሸዋ፣ እስከ መቼ ነው የምንጠብቅዎት?» አሏት። ጉባኤው ያለ ሪፖርት ተጀመረ።

በሳምንቱ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ወንበሯ ላይ ዲፕሎማ ያላት ወጣት ተቀመጠች።

ገሊላ ይህን ሁሉ የሰማችው ከትሕትና ነው። እናቷ ቤት ውስጥ ምንም አልተናገረችም፤ አመሏ ብቻ ተለወጠ። የሴቶች ዕድር ጸሐፊ ነበረች፤ ተወችው። ሰብሳቢዋ እማማ ጠጄ ሊለምኗት ቤት ድረስ መጡ።

«ተይ እንጂ ጥሩሸዋ፣ ካንቺ ወዲያ ማን ይጽፍልናል?»

«ጭንቅላቴ ነው፣ እማማ። ሰው ሁሉ የገባው ለእኔ አልገባም አለ። ነገ ደግሞ የእናንተን ነገር አበላሽቼ ከምታፍሩብኝ ይቅርብኝ።»

ገሊላ ከጓዳ ሆና ሰማች። የያዘችውን ሳህን አስቀምጣ ብዙ ቆመች።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደች። አቶ አንዷለም ብቻውን ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ እናቷ ሽማግሌውን እንደመረጠች፣ ራሷ እንደዋሸች። የትሕትናን አላነሳችም። እሱ እስክሪብቶውን እያሽከረከረ ሰማት።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አይደለም፤ የደከመው ይመስላል።

«መቀየር አይቻልም?»

«ሲስተሙን መቀየርስ ይቻላል። ግን ሁሉም ማሽን ላይ ተጭኗል፣ ሥልጠናውም አልቋል። ብቀይረውም የእናትሽ ቦታ ተይዟል፤ ውሳኔው የሥራ አስኪያጁ ነው።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ይንገሯት። አእምሮዋ የደከመ መስሏታል።»

አቶ አንዷለም እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ምን ብዬ? ‹ልጅዎ ናት ያሳሳተችን› ልበላቸው?»

ገሊላ ወደ በሩ ዞረች። እሱም ወደ ሥራው ተመለሰ።

ትሕትና ግቢው በር ላይ ትጠብቃት ነበር። «ምን አስገባሽ? የኔን ነገርሽው?»

«አልነገርኩትም።»

«ታዲያ ምን አስጨነቀሽ? እናትሽ አታውቅም። አታካብጂ ባክሽ፣ ይረሳል። ዝም ካልሽ ማንም አይነግራትም።»

እውነቷን ነበር። ገሊላ ግን ትታት መንገዱን ተሻገረች። ከሜዳው የሚመጣው ንፋስ አቧራውን እያነሳ ዓይኗ ውስጥ ይሞጅራል። ሮጣ መሄድ ትችል ነበር፤ ቀስ ብላ ሄደች።

ጥሩሸዋ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች።

«መጣሽ? እስቲ ይሄን እይልኝ፤ ጠጠር ቀርቶበት እንደሆነ» አለች ሰፌዱን እየገፋችላት። «የራሴን ዓይን ማመን ትቻለሁ።»

ገሊላ ምስሩን በጣቷ በተን በተን አደረገችው። አንድም ጠጠር የለበትም። ቀና ስትል ጎረቤታቸው አጥሩ ጥግ ልብስ እያሰጡ ነው። ሰፌዱን አንስታ፣ የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻትና በሩን ዘጋችው።

«ምን ሆነሻል?» አለች ጥሩሸዋ።

«ተቀመጪ።»

ጥሩሸዋ ተቀመጠች። ገሊላም አጠገቧ መቀመጥ ፈልጋ ነበር፤ ነገር ግን ፊቷን እያየች መናገር እንዳለባት ስላወቀች ፊት ለፊቷ ቆመች።

«እማዬ፣ ያን ቅዳሜ ያልሽኝን አልነገርኳቸውም» አለች።