የወተት ጥርስ ምልክት

«ቸኩለሽ መጣሽ እቴ፤ መረቡ ገና አላለቀም» አሉ አባባ ቴዮንግ፣ ዓይናቸውን ከክሩ ሳያነሱ።

«መረብ ልገዛ አይደለም የመጣሁት አባባ። ፖሊስ ነኝ። በልጅ ልጅዎ ሞት ነው።»

የሽማግሌው እጅ ቆመ። ሳጅን ፔርላ ገዢ ስለመሰለቻቸው አልፈረደችባቸውም። የደንብ ልብሷን ጀልባ ላይ ማዕበል አርሶባት፣ ከአንዲት ዓሣ ነጋዴ የተዋሰችውን ቀሚስ ነበር የለበሰችው።

የአምስት ዓመቱ ኒልዮ ትናንት የዓሣ ሾርባ በልቶ ሳይቆይ አንዘፍዝፎት ሞተ። ሾርባውን የሠራችው የእንጀራ እናቱ ሎርና ናት። የደሴቱ ሰው ፍርዱን ጨርሷል፤ የሳጅኗ መምጣት ለወግ ያህል ነው። ጎረቤታቸው ካርዲንግማ ገመድ ይዞ ደጃፉ ላይ ተገትሯል።

«በዓይኔ በብረቱ አይቻታለሁ!»

«ምን ስታደርግ?»

«ድስቱ ውስጥ ስትጨምር…» አለና ወደ ሚስቱ ዞረ፤ «ምን ነበር ያልኩሽ?»

ፔርላ ትታው ወደ ጓዳ ገባች። ሎርና የሟቹን እህት፣ የሦስት ዓመቷን ማሪትን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ሾርባውን ማን ማን በላ?»

«ሁላችንም። ከአንድ ድስት።»

«ልጁ ከዚያ በፊት ያመው ነበር?»

«ለፋሲካ ሳገባ ሆዱን ይዞ ነው የተቀበለኝ። ልጁ ድሮ እስከ ሃያ ይቆጥር ነበር ይለኛል አባቱ። እኔ ስመጣ ግን አምስት ላይ ይጠፋበት ነበር።»

«እሷስ?» ፔርላ ወደ ማሪት አመለከተች።

«ከመጣሁ ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም። እኔን ጠልታኝ መስሎኝ ነበር።»

ሳጅኗ ሳጥን ውስጥ የተጋደመውን የልጁን ሬሳ ከንፈር ገለጥ አደረገች። ድዱን ተከትሎ ጠቆር ያለ ሰማያዊ መስመር ተሰምሯል። ወደ ውጭ ተመልሳ መረቡን ጎተተችና ጠርዙ ላይ የተደረደሩትን፣ መረቡን የሚያሰጥሙትን የእርሳስ ማዕድን ፍሬዎች አንድ በአንድ ዳበሰች። ከዚያ መረቡን ይዛ ገባችና ሰዎቹን ሁሉ በሬሳ ሳጥኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ ሾርባው ውስጥ ቢሆን የምትቀብሩት አንድ ሰው ብቻ ባልሆነ። ልጁ ደግሞ የታመመው ሎርና ሳትመጣ ነው። እንግዲያው መርዙ ቀድሟት እዚህ ቤት ነበረ። አባባ፣ እርሳሱን ክሩ ላይ ነክሶ የሚያጣብቅልዎ ማነው?»

«ልጆች ናቸዋ! የትልቅ ሰው ጥርስ ክሩን ይበጥሳል። የወተት ጥርስ ነው የሚሆነው። የኔ ኒልዮማ እንደሱ የሚነክስ…» ኩራታቸው በልማድ ቀድሟቸው ወጥቶ፣ መሐል ላይ ደረቀ።

«እርሳስ መርዝ ነው አባባ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ዋጠው። ሆዱን ያሰረው፣ ቁጥሩን ያስረሳው፣ ድዱ ላይ ያሰመረው እሱ ነው። ትናንት ደግሞ አንጎሉን አሳበጠው።» መረቡን ከፍ አደረገች። «ይኼ የኒልዮ ንክሻ ነው። ይኼኛው አዲስ ነው፤ አነስ ይላል። የማን ነው?»

ሁሉም ማሪትን አየ።

«ሐኪም ቤት ብወስዳት ትናገራለች?» አለ አባትየው ሩፎ።

«ውሰዳት። ንክሻውም ዛሬውኑ ይቁም፣ እንዳይብስባት። ከአንጎሏ የተበላባትን የሚመልስ መድኃኒት ግን አልሰማሁም።»

አባባ ቴዮንግ ሁለት እጃቸውን ለካቴና ዘረጉ። ፔርላ እንዳላየች ሆነች። ሽማግሌው ግን ሊያጥፏቸው አልቻሉም።

ካርዲንግ ገመዱን አሁንም አልጣለም። «የምን ወሬ ነው! እኛስ በልጅነታችን ስንነክስ አላደግንም? ምን ሆንን?»

ሎርና ማሪትን አዘለችና ካርዲንግን ትኩር ብላ አየችው።

«እሱንማ እያየሁት ነው» አለች።