ያልተኛው ታካሚ

በከርሰ ምድሯ ሰመራ ሰው ለጥርስ ነቀላ ቀርቶ ለጠጉር ቁርጥ እንኳ ይተኛል። የሰመመን ቆብ ይደፋለታል፤ ቆቡ ያለ መርፌና ያለ ጋዝ አንጎሉን ያስተኛዋል፤ ሲነሣለት ሁሉም ነገር አልቋል። የዐይን ቀዶ ሐኪሟ ዶክተር እልፍነሽም ታካሚዎቿን የምትወዳቸው እንዲህ ጸጥ ሲሉላት ነበር።

የዚያን ቀን ከፊቷ የተጋደሙት አቶ ደምሰው፣ ግራ ዐይናቸው ወደ አፍንጫቸው የሸሸ ጎልማሳ ነበሩ። ቆቡ ተደፋላቸው፤ ሲነቁ እንዳያማቸው ደግሞ ዐይናቸው ላይ የማደንዘዣ ጠብታ ተጨመረ። ስክሪኑ ጥልቅ እንቅልፍ አሳየ። ሐኪሟ የዐይናቸውን ጡንቻ ከቦታው አላቅቃ በክር ያዘችው።

"ሊያገባ ነው አሉ" አለቻት ነርሷን ሐዋን። "ዐይኑ ቢቀና ፊቱ የት ሊደርስ ነው?"

ሐዋ ሳቀች።

"ሴትየዋም ወይ አታይም፣ ወይ መሄጃ አጥታለች። እንዲህ ያለውን ሳቃና ነው እንግዲህ ዕድሜዬ ያለቀው።"

ክሩን መሳብ ጀመረች። በተኛ ሰው ላይ ጡንቻው የት እንደሚታሰር የሚታወቀው በስሌት ብቻ ነው፤ ስሌቱ ትንሽ ከሳተ ታካሚው ሁሉን ነገር ሁለት ሁለት እያየ ይኖራል። ጥቂት ሳብ፣ ጥቂት ላላ አድርጋ ልትቋጥር ስትል፣

"እዚህ ላይ አይቋጥሩት" አሉ አቶ ደምሰው። "መብራቱ ገና ሁለት ነው።"

እጇ ባለበት ደረቀ። ሐዋ ቆቡን ብትነካው ቀዝቅዟል፤ ለካ ጭራሽ አልሠራም ነበር። ስክሪኑ ሲያሳይ የቆየው የጠዋቱን ታካሚ እንቅልፍ ነበር።

"ያምዎታል?"

"አያመኝም። ጥቂት ይሳቡት። ጥቂት... አሁን አንድ ሆነ።"

እዚያው ላይ ቋጠረችው።

"ነቅተው ከነበረ ለምን ዝም አሉ?"

"እርስዎ እያወሩ ነበራ።"

እንደዚያ የቀና ዐይን ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። አቶ ደምሰው ግን አላመሰገኗትም። ሲወጡ በር ላይ ቆም ብለው፣ ጫማቸው ላይ የተለጠፈ ነገር እንደሚያይ ሰው፣ በሁለቱም ዐይናቸው አዩዋት።

በሳምንቱ አንዲት ወጣት መምህርት ለዚያው ሕክምና መጣች።

"ዶክተር፣ ነቅተው የታከሙ ሰው አሉ ሲባል ሰማሁ። ነቅቼ ይሻላል ወይስ ተኝቼ?"

እልፍነሽ መልሱን ታውቀዋለች። የነቃ ዐይን ቦታውን ራሱ ይናገራል። ግን ደግሞ የነቃ ሰው ይሰማል፤ እሱ ፊት ሙሉ ሰዓት አፍን መግታት፣ ከዚያም ብሶ ሌላ ሰው መሆን ያስፈልጋል። እስከዛሬ ታካሚዎቿን ስታስተኛ የኖረችው ለእነሱ ብላ እንዳልነበረ ያን ጊዜ ገባት።

"ተኝተሽ ይሻላል" አለቻት።

ሐዋ ለአፍታ አየቻት። ከዚያ የተጠገነውን ቆብ አነሣች።