«አሮጌ» የሚል ፎልደር

«አገኘሽው?» አለች እህቷ በስልክ። ከጀርባዋ የአውቶቡስ ሞተር ያጓራል። «ዴስክቶፑ ላይ ነው እኮ፤ ‹አሮጌ› ይላል። ግቢና የሁለተኛውን ድልድይ ከፍታ ብቻ አንብቢልኝ።»

ልጅቷ የእህቷን ላፕቶፕ ስክሪን ከግራ ወደ ቀኝ አየችው፤ ከዚያ ከቀኝ ወደ ግራ። የለም። ማክሰኞ ዕለት «አሮጌ» የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ግንብ የተሳለበት የአዲሱ ጌሟ ምልክት ተቀምጧል።

«እታለም፣ ባትሪው... ሊዘጋብኝ ነው። መልሼ ልደውልልሽ።»

«እሺ የኔ ቆንጆ። አሥር ሰዓት እገባለሁ። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ነው የምቀመጥበት፤ ሰኞ እኮ ደረሰ!»

ስልኩን ዘጋች።

እህቷ የመጨረሻ ዓመት የቅየሳ ተማሪ ናት። አምስት ወር ሙሉ ወንዝ ለወንዝ እየዞረች የለካችውን ሰኞ ጠዋት መምህራን ፊት ታቀርባለች። ቅጂውን የያዘው ፍላሽ ከጠፋ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ፎልደሩን «አሮጌ» ያለችው ሆን ብላ ነው፤ አሮጌ ነገር ማንም አይነካም ብላ። ማክሰኞ ግን ጌሙ ሠላሳ ጊጋ ቦታ ሲጠይቅ ታናሽየዋ ስሙን አየች፣ አመነችው፣ አጠፋችው። የተጣሉ ፋይሎች የሚጠራቀሙበትንም አብራ ጠረገችው።

«ፊትሽ አመድ መሰለ። ምን ሆንሽ?» አለች አልጋው ላይ ተንጋላ ተራዋን የምትጠብቀው ጓደኛዋ። ክፍል ውስጥ «ሬዲዮ» ነው የሚሏት፤ አፏ ስለማያርፍ።

ነገረቻት። ሬዲዮ ከአልጋው ቀና ብላ ተቀመጠች።

«ጉድሽ ፈላ!» አለች። «ቆይ ግን፣ ምን ያስጨንቅሻል? ቫይረስ በላው በያት። ቫይረስ አይከሰስ፣ ምስክር አይጠራበት!»

«አጎትሽ ጋ ደውዪ» አለቻት ልጅቷ።

የሬዲዮ አጎት ኮምፒውተር ጠጋኝ ነው። ደውለው የታላቅየዋ ፋይል እንደጠፋ ነገሩትና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገው ከመሃላቸው አስቀመጡት።

«ፋይል ሲጠፋ ከበሩ ላይ ስሙ ብቻ ነው የሚነሳው» አለ ጠጋኙ፤ የሆነ ነገር እያኘከ ይመስላል። «ዕቃው ውስጥ ነው። የሚጣለው አዲስ ተከራይ ሲገባ ነው። ከጠፋ ወዲህ ምን ገባበት?»

«ጌም ብቻ ጋሼ።»

«ጌሙ ሴቭ ያደርጋል? እያንዳንዱ ሴቭ አዲስ ተከራይ ነው።»

ሁለቱ ተያዩ።

ልጅቷ ከማክሰኞ ጀምሮ ስታወድስ የሰነበተችው ይህንኑ ነበር። በጌሙ የመጀመሪያ ክፍል የተሸነፈ ሰው የቀድሞውን ሴቭ ይከፍትና እንዳልተሸነፈ ይሆናል። የፈራ ንጉሥም ከግንቡ ጀርባ ዓመት ቢቀመጥ ጎተራው አይጎድልም። እሷ አሁን የምትጫወተው የሁለተኛው ክፍል ሠሪዎች ግን ገብቷቸዋል። የተከበበ ከተማ በየተራው እህሉን ይበላል። ቃፊሮች ያመጡት ወሬ ሲሰነብት ካርታው ላይ እየደበዘዘ ይሄዳል፤ ትናንት የታየ ጦር ዛሬም እዚያው ነው ተብሎ አይተኛም። ከሁሉም በላይ፣ ጌሙ በእያንዳንዱ ተራ መጨረሻ ራሱን በራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ የተደረገ ተደረገ ነው። ረቡዕ ዕለት ድልድይ አፍርሳ የራሷን ሦስት ሺህ ሰው ማዶ ስታስቀር ጠረጴዛውን በቡጢ መትታ «እንዲህ ነው እንጂ ጌም!» ብላለች፤ እየተቃጠለችም እያደነቀችም።

ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለውን የተራውን ቁጥር አነበበች።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ» አለች። 

ጠጋኙ ማኘኩን አቆመ። «የተረፈ ካለ ዛሬ ነው። ተስፋ አልሰጥሽም። ምንም ሳትነኪ ላፕቶፑን አጥፊና አምጪው። ግን ባለቤቷ ትምጣ፤ ሰው ሳይፈቅድ የሰው ዕቃ አልከፍትም። ቀድሜ ምን እንደምፈልግ የምትነግረኝም እሷ ናት።»

ሬዲዮ ስልኩን ዘጋችና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቫይረሱን ለአጎቴም ብንነግረው...» ብላ ጀመረች።

«ቫይረስ በላው ካልኳት ሁሉም ያለቀ ይመስላታል፤ ጠጋኝ ቤት የሚያደርሳት ምን አለ? አሥር ሰዓት ትገባለች፣ ደብተሯን ትዘረጋለች፣ እዚሁ ላፕቶፕ ላይ እያለቀሰች እንደ አዲስ መጻፍ ትጀምራለች። የተረፈውን በገዛ እጇ ትደመስሰዋለች።»

«እውነቱን ስትነግሪያትስ? ምንም ባይተርፍስ? ልፋቷም ሄደ፣ አንቺንም ጠላችሽ።»

ልጅቷ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች።  እህቷ በየጉዞዋ መልስ ላይ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ የቆሰለ ተረከዟን እያሳየች ትስቅ ነበር፤ «ይህችኛዋ የሦስተኛው ወንዝ ናት፣ ይህችኛዋ የአራተኛው» እያለች።

ጌሙን በወጉ ብትዘጋው ሌላ አንድ ጊዜ ሴቭ ያደርጋል። ስለዚህ ማብሪያ ማጥፊያውን ተጭና ያዘች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ስክሪኑ ጨለመ። ላፕቶፑን በፎጣ ጠቅልላ ደረቷ ላይ አቀፈችው።

«አብሬሽ ልምጣ?» አለች ሬዲዮ።

«ነይ። ግን መንገድ ላይ አታውሪ።»

ደረጃውን እየወረደች ደወለች። ሦስት ጊዜ ጠራ።

«ሄሎ! አገኘሽልኝ?»

«እታለም፣ ቤት አትምጪ፤ የኮምፒውተር ጠጋኙ ጋ ውረጂ» አለች። መሃል ደረጃው ላይ ቆመች። «ፎልደሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ የአውቶቡሱ ሞተር ብቻ ተሰማ። ስልኩን ከጆሮዋ አላራቀችም።