የቶማስ ስልቻ

«አንቺ ልጅ፣ ገና እኮ አልተነሣሽም!» አሉ መምህር ገብረ መድኅን፣ የድራማውን ጽሑፍ እያወዛወዙ። «መጀመሪያ ቶማስ ቆዳውን ያልብስሽ፣ ይጸልይ፤ ከዚያ ነው የምትነሺ። ረሳሽው እንዴ?»

«አልረሳሁም መምህር» አለች የሻረግ፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ አፍና። «ሽታው ነው ያስነሣኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፍሬው ግን አልሳቀም። ንፋስ መውጫ ከተማ ውስጥ ሰንበት ተማሪዎቹ ለግንቦት ሃያ ስድስቱ የቶማስ በዓል በሚያሳዩት ድራማ ሐዋርያው ቶማስ እሱ ነው፤ በህንድ አገር ሲሰብክ መኰንኑ ቆዳውን አስገፍፎ፣ ስልቻ አሰፍቶ፣ አሸዋ ሞልቶ ያሸከመው ቶማስ፤ በዚያው ቆዳ የመኰንኑን ሚስት ከሞት ያስነሣው። ሟቿ የሻረግ ናት። ስልቻው ደግሞ ፍሬው እጅ ላይ ነው፤ ጸጉሩ በእፍኝ እየተነቀለ፣ ቡናማ ውሃው በክርኑ እየወረደ። ክርፋቱ ምላስ ላይ ሁሉ ይቀመጣል። እውነተኛው ቶማስ የገዛ ቆዳውን ተሸክሞ ሰብኳል፤ የእኛው ቶማስ የፍየል ቆዳ ይዞ አንዲት ቃል አልወጣው አለ።

«ይኼን ማን አመጣው?» አሉ መምህር።

የፍሬው ጓደኛ ካሣሁን ቀድሞ አገጩን ወደ መጋረጃው ቀሰረ። እዚያ የትናየት ቆማለች፤ አባቷ ጋሽ አበጀ ቆዳ ያለፋሉ። «ከፋቂ ቤት ሌላ ምን ይመጣል? አሁንማ ሙያውም ጠፍቶባቸዋል!»

አጠገቧ የነበሩት ፈቀቅ ፈቀቅ አሉ።

«ተው፣ እንዲህ አይባልም» አሉ መምህር፤ እሳቸውም ግን ወደ መስኮቱ እየተጠጉ ነበር። «በማዳበሪያ ከረጢት እንተካዋለን። የትናየት ልጄ፣ ይዘሽው ሂጂ። ሊሠሩልን የነበረውን የቤተ ክርስቲያኑን ከበሮዎች ቆዳም ለሌላ ባለሙያ እንሰጣለን ብለሽ ለአባትሽ ንገሪልኝ።»

የትናየት ፍሬውን ብቻ አየችው።

ትናንት «አባዬ ቆዳው የሚለፋበትን እምቧይ ገና አልጠጣም፣ ሳምንት ይቆይ ብሏል» ብላው ነበር። እሱ ደግሞ «ባክሽ አታካብጂ! ማዳበሪያ ተሸክሞ የሚሰብክ ቶማስ የት አለ? ሪል መሆን አለበት» ብሎ፣ ጋሽ አበጀ ገበያ ወጥተው ሳሉ ከተዘፈዘፈበት ጋን በገዛ እጁ አወጣው።

አሁን የሚያቅለሸልሸው ቆዳው ብቻ አልነበረም። ካሣሁን አስጠላው፤ ጓደኛው ባይሆን ኖሮ ደስ ባለው። ይህን ሁሉ ሲሰማ ተለጉሞ የቆየው የራሱ አፍ ግን የባሰ ከረፋው።

የትናየት ስልቻውን ልትቀበለው እጇን ዘረጋች። አልሰጣትም።

«መምህር፣ እኔ ነኝ። ሳይለፋ ከጋኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ጋሽ አበጀ አላወቁም፤ እሷም ተው ብላኛለች።»

ካሣሁን «ኧረ ባክህ!» ብሎ ሊስቅ ቃጣው፤ የሳቀለት የለም። መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እንግዲያስ አንተው መልሰው» አሉ በመጨረሻ። «የከበሮዎቹን ነገር እኔው ራሴ ሄጄ አነጋግራቸዋለሁ።»

ፍሬው ስልቻውን ትከሻው ላይ ጣለው። ቀዝቃዛው ውሃ በአንገቱ ገብቶ እስከ ወገቡ ወረደ። በመንገዱ ዳር ሲሄድ ባጃጅ የሚጠብቁት ሰዎች ፊታቸውን አዞሩ፤ አንድ ውሻ ግን ወዶት ተከተለው። የትናየት ከፊት ከፊት ራቅ ብላ ትሄዳለች።

«ቆይኝ እንጂ!» አላት። «አብረን ብንሄድ ምን አለበት?»

ዞር ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ትሸታለህ።»